ስለ ሙዳይ አሰፋፍና ስለ ዕቃ አጠባበቅ

በቤት ውስጥ ለእያንዳንዱ ነገር ቦታ ካልተሰጠው፥ መርፌው በአፈር ውስጥ ይቀራል፤ የመሬት ይዞታ ደብተሩና የሕፃኑ የክትባት ካርድም በጢስና በጣራ ፍሳሽ ይበላሻሉ። ይህን ለመጠበቅ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ክዳን ያለው ሙዳይ መስፋት ይበቃልና።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ለውስጡ ስንደዶ፥ ለመስፊያው አክርማ፥ ለመውጊያው ወስፌ ይዘጋጃል። አክርማው በየቀለሙ ተነክሮ ይደርቃል፤ በሚሰፋበት ጊዜ ግን እንዳይሰበር በውኃ ይርሳል። ከዚህ በኋላ ጥቂት ስንደዶ ይዞ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እያዞሩ ይጀምሩታል፤ የፊተኛውን ዙር በወስፌ እየወጉ አክርማውን አሳልፈው ያጠብቁታል። ዙሩን ወደ ጎን ቢያስኬዱት መቀመጫው ይሰፋል፤ በላዩ ላይ ቢደርቡት ግድግዳው ይቆማል። ክዳኑም በዚሁ ዓይነት፥ ከአፉ ጥቂት አስፍቶ ይሠራል። ያልጠበቀ ስፌት ግን ቀለሙ ቢያምርም አይረባም፤ ፈጥኖ ይላላልና።

ሙዳይ ውኃ አያግድም፤ ስለዚህ ጣራው በማያፈስበት፥ ከምድጃም በራቀ ስፍራ ይሰቀል።

መምህራን ሆይ፥ ይህን ጥበብ የሚያውቁት በየቤቱ ያሉት እናቶች ናቸውና፥ አንዲቱን ወደ ትምህርት ቤት ጥሩና ታስተምርላችሁ። እናንተም ሽማግሎች፥ ወንዶች ልጆች ስፌት ሲማሩ አትከልክሉ፤ ዕቃ የሚያጠፋ ሁሉ መጠበቁንም ሊያውቅ ይገባዋልና።