የሸክላ ጭረት የዘመኑ ድምፅ አይደለም

“የትኛውን ፕለጊን ነው የምትጠቀሙት?” የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር እየበዛ መጥቷል። ጠያቂዎቹ በቅርቡ የለቀቅነውን በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ የሰሙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ከድሮ ሸክላ የቀዳነው መስሏቸዋል። የተቀረጸው እዚሁ አርባ ምንጭ አጠገብ፣ ጫኖ ነው፣ በላፕቶፕና በአንድ ተራ ሳውንድ ካርድ። እንዴት እንደሠራነው ረዘም አድርጌ ልጻፍላችሁ።

ከጭረቱ ልጀምር። አዲስ ሙዚቃ የድሮ እንዲመስልለት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጭንበት ያንን ጭር ጭር የሚለውን የሸክላ ድምፅ ነው። እኛ አንድም ቦታ አልጨመርንም። በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ አሳታሚው አምኃ እሸቴ ያወጣውን ሸክላ ገዝቶ ቤቱ ያጫወተ ሰው ጭረት አልሰማም፤ ሸክላው አዲስ ነበራ! ጭረቱን ያመጡት መርፌ፣ አቧራና ሃምሳ ዓመት ናቸው። እነ ሙላቱ አስታጥቄ፣ እነ ግርማ በየነ ስቱዲዮ ሲገቡ ይፈልጉ የነበረው በጊዜው ሊገኝ የሚችለውን ጥርት ያለ ድምፅ ነው። የዚያን ዘመን ድምፅ የሚሻ ሰው ማሰብ ያለበት ሸክላው ሳያረጅ እንዴት ይሰማ እንደነበር ነው። ያ ድምፅ የሚገኘው ከአጨዋወቱ፣ ከቅንብሩና ከተቀረጸበት ክፍል ነው። ፕለጊን የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አጨዋወቱ በአብዛኛው የወታደር ቤት ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ካመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች ጀምሮ፣ በኋላም በክቡር ዘበኛ፣ በጦር ሠራዊትና በፖሊስ ኦርኬስትራዎች ውስጥ ያለፉት ነፊዎች ኖታ ማንበብን፣ መሰለፍንና አብሮ መተንፈስን የተማሩ ነበሩ። ጌታቸው መኩሪያ ደግሞ ሽለላን ከጀግና አንደበት ወስዶ ለቴነር ሳክስፎን ሰጠው። በዚያ ዘመን ቀረጻ ላይ ሦስት የናስ መሣሪያዎች አንድ ላይ ሲነሱ የምንሰማው ግርማ የመጣው ከዚህ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ያለ የተቀዳ የትራምፔት ድምፅ ይህን አይሰጥም፤ ምክንያቱም ትንፋሽ አያልቅበትም። የተጫዋቹ ትንፋሽ የሚያልቅበት ቦታ የዜማውን ሐረግ ይወስነዋል።

እኛ ዘንድ ሳክስ የሚነፉልን ከማርሽ ባንድ በጡረታ የወጡ ጋሼ ናቸው። በቀረጻው ዕለት ማይኩን እንደ ልማዴ ከሳክሱ አፍ አጠገብ ተከልኩት። ጋሼ አዩትና በእጃቸው ገፋ አድርገው አራቁት፤ “አንተ ተወው፣ መቅረብም መራቅም የእኔ ሥራ ነው” አሉኝ። ጨዋታው ሲጀመር የተናገሩት ገባኝ። ዜማውን ከክራሩ ጋር ሲይዙ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላሉ፣ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ሶሎ ሲደርስ እግራቸው ቀስ ብሎ ወደ ማይኩ ይመጣል። በሚክስ ጊዜ የሳክሱን ድምፅ ከፍ ዝቅ ማድረግ አላስፈለገኝም። ጥቂት ማይክ በነበረበት ዘመን ሚክስ የሚሠራው ሙዚቀኛው በእግሩ ነበር፤ የዚያን ዘመን ጥልቀት የሚሰጠውም ይኸው ነው።

ስለዚህ ሁሉንም አንድ ክፍል አስገብተን አንድ ላይ ቀረጽን። ድራሙ ጥግ ላይ፣ በስኔሩ ላይ የታጠፈ ጨርቅ፤ ቤዝ ጊታሩና ኦርጋኑ መሀል፤ ክራሩ ከማይኩ ሥር። የአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ማይክ ይፈስሳል፣ እናም አንድ ሰው ሲሳሳት ለብቻው ማረም አይቻልም፤ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ምት የሚቆጥረውን ክሊክም በጆሮ አላደረግንም። ችክችካ በክሊክ ሲጫወቱት ይደርቃል፤ ወደ ሶሎው ሲቃረብ ትንሽ መፍጠኑ፣ ዜማው ሲመለስ መርጋቱ ነው ሕይወቱ። ክፍሉ ግድግዳው በጭድና በጭቃ የተመረገ ቤት ነው። ብዙ አያስተጋባም፤ ከብሎኬት ቤት ይልቅ እሱን የመረጥነው ለዚህ ነው። ቆርቆሮው ግን ዝናብ ሲጥል ምንም አያስቀርጽም፤ ከመንገዱ የሙዝ ጭነት ይዞ የሚያልፈው አይሱዙም እንደዚያው።

የጫኖ ሙቀት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከአባያ ዳር ያለን ሰዎች እኩለ ቀን ላይ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። የትንፋሽ መሣሪያ ሲሞቅ ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል፤ የብረት ክር ሲሞቅ ደግሞ ይረግባል፣ ድምፁም ይወርዳል። ጠዋት የተስማሙ ሳክስና ጊታር እኩለ ቀን ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ስለዚህ የምንቀርጸው ማለዳ ነው። ቆላ ያላችሁ ልጆች ይህን ልብ በሉት፤ መቃኛውን በየዘፈኑ መካከል አውጡት።

ስለ ቅኝት ካነሳን፣ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። አንቺሆዬን ከዶ ብንነሳ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። ኪቦርድ ላይ አምስቱን ቁልፎች መጫን ቀላል ነው፤ ኪቦርዱ ግን ግማሽ ድምፆቹን ሁሉ እኩል አድርጎ ከፋፍሏቸዋል። ክራር የሚቃኘው በጆሮ ነው፣ ሳክስም በከንፈር ይጎተታል። የ60ዎቹን ሙዚቃ ጠጋ ብላችሁ ብትሰሙ ኦርጋኑ በእኩል ክፍፍሉ ጸንቶ ቆሞ፣ ናሶቹ ከሱ ጥቂት ከፍና ዝቅ እያሉ ሲታገሉት ትሰማላችሁ። ለእኔ የዚያ ሙዚቃ ቅመም ይህ ፍትጊያ ነው። ሁሉን በኮምፒውተር አስተካክሎ “የድሮ ድምፅ” መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ቀጥሎ፣ ዓመት ምረጡ። “የድሮ” የሚባል አንድ ዘመን የለም። እ.ኤ.አ. በ1969 አምኃ እሸቴ፣ ሸክላ የማሳተም መብት በሀገር ፍቅር ማኅበር እጅ በነበረበት ጊዜ ደፍሮ የራሱን ሲያሳትም፣ መለኪያው በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ሸክላ ነበር። አንድ ገጽ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ ቅንብሩ መግቢያ፣ ዜማ፣ አጭር ሶሎ፣ ዜማ ብሎ ያበቃል። ከአብዮቱ በኋላ ሰዓት እላፊ መጣ፣ ካሴትም ሸክላን ተካ። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 “ቸበለው”ን ሲያወጣ ድምፁ ሌላ ነው። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር ያዋሃደበት ካሴት ደግሞ ጨርሶ ሌላ ዓለም ነው። ያማሃ ዲኤክስ7 የሚባለው ሲንተሳይዘር ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ስለሆነ፣ የሱን ደወል መሰል ድምፅ በ1964 ዓ.ም. ቅንብር ውስጥ የሰማ ጆሮ ወዲያው ይነቃል።

ለጠየቃችሁኝ ፕለጊን መልሱ አጭር ነው፦ የቴፕ ሙቀት ጥቂት፣ ከ10 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን ዝቅ ማድረግ፣ ስፕሪንግ ሪቨርብ በኦርጋኑ ላይ፣ መጨረሻ ላይ ሞኖ። በቃ።

የድሮውን ድምፅ መልሶ በማምጣት መንገድ የሄዱ ብዙዎች ናቸው። በአዲስ አበባ ጊታሪስቱ ግሩም መዝሙር በአዲስ አኮስቲክ ፕሮጀክት ማንዶሊንን፣ አኮርዲዮንንና ክላርኔትን መልሶ ሲያመጣ አንጋፋውን የማንዶሊን ተጫዋች አየለ ማሞን አብሮ አሰልፏል። የፓሪሱ አካሌ ውቤ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2017 ከራሱ ከግርማ በየነ ጋር አልበም ሠራ። የለንደኖቹ ሄሊዮሴንትሪክስም እ.ኤ.አ. በ2009 ከሙላቱ ጋር። የሙዚቃውን ባለቤት ጠርቶ አብሮ መሥራት፣ በእኔ እምነት፣ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው። የማልቀበለው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 “ዘ ዳክታሪስ” በሚል ስም የወጣው አልበም የእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ የናይጄሪያ ሙዚቃ መስሎ ቀርቦ ነበር፤ ተጫዋቾቹ ግን የኒውዮርክ ሙዚቀኞች ነበሩ። ሙዚቃው ጥሩ ነው። አድማጭን ማሳሳት ግን አያስፈልገውም ነበር።

የእኛ ፍላጎት ደግሞ ወዲህ ነው። በሸክላው ዘመን የአዲስ አበባ ባንዶች የአካባቢያችንን የጋሞን ዜማ ብዙም አልነኩትም። ሙላቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው አልበም አንዱን ሥራ “ጋሞ” ብሎ ሰይሞታል፤ ስለ ጎረቤቶቻችን ስለ ደራሼዎችም በየመድረኩ ሲናገር ኖሯል። የደራሼ የዋሽንት ጨዋታ በሆነው በፊላ ላይ እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ጥቂት ድምፅ ብቻ ይዞ በተራው ይጥላል፤ ዜማው የሚወለደው ከሁሉም ነው። የዶርዜ አባቶች ሲያዜሙም እንዲሁ ድምፅ በድምፅ ላይ ይደረባል። አሁን በያዝነው ሥራ ለሦስቱ ናሶች አንድ ዜማ በአንድነት መስጠቱን ትተን፣ ዜማውን በፊላ ሥርዓት ከፋፍለን አካፍለናቸዋል። በ1964 ዓ.ም. አንድ የአዲስ አበባ ባንድ አርባ ምንጭ ከርሞ ቢሆን ኖሮ ምን ይጫወት ነበር? እሱን ነው የምንሠራው። ሽፋኑ ላይ ግን የተቀረጸበት ዓመትና “ጫኖ” የሚለው በግልጽ ይጻፋል።

አንድ ልመና አለኝ። በአርባ ምንጭ፣ በጨንቻ፣ በጊዶሌም ሆነ በየትኛውም አካባቢያችን ቤታችሁ የተቀመጠ የድሮ ካሴት ካለ፣ የሠርግ ይሁን የለቅሶ ወይም የበዓል፣ እባካችሁ አትጣሉት፣ ሌላም አትቅዱበት። ፀሐይ ከማይመታው ቦታ አስቀምጡትና በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ወደ ዲጂታል ገልብጠን ካሴቱን ከነቅጂው እንመልስላችኋለን።