ሲያትል ውስጥ ለልጅዎ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ሲፈልጉ ምን ማወቅ አለብዎት?

አዲስ አበባ በናዝሬት ወይም በናቲቪቲ የተማረች እናት ሲያትል ስትኖር ለልጇም ተመሳሳይ ትምህርት ቤት ብትመኝ አያስገርምም። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት እአአ በ1931 በሩን ከከፈተበት ጊዜ አንስቶ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም።

በሲያትል ግን ፍለጋው ገና ከጅምሩ እንቅፋት ይገጥመዋል። በአካባቢው የታወቁት የልጃገረዶች ትምህርት ቤቶች ትንንሽ ሕጻናትን አይቀበሉም። እአአ በ2001 የተከፈተው ሲያትል ገርልስ ስኩል የሚያስተምረው ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ነው። ከዋሽንግተን ሐይቅ ማዶ፣ ቤልቪው የሚገኘው ካቶሊካዊው ፎረስት ሪጅም የሚጀምረው ከ5ኛ ክፍል ነው። ከ1880 ጀምሮ የዘለቀው ሆሊ ኔምስ አካዳሚ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ብቻ ነው።

ስለዚህ የስድስት ዓመት ልጅ ያላት ቤተሰብ በቅድሚያ መመለስ ያለባት ጥያቄ ልጅቷ እስከ 4ኛ ክፍል የት ትቆይ የሚለው ነው። የከተማዋ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው እስከ 5ኛ ክፍል ያስተምራሉ። በ5ኛ ክፍል መዛወር ማለት ታዲያ ልጅቷ ከጓደኞቿ አንድ ዓመት ቀድማ ትለያለች ማለት ነው። ጉዳዩ ለወላጅ ቀላል ቢመስልም ለአሥር ዓመት ልጅ ከባድ ነው። በ6ኛ ክፍል ለመግባት ምን ያህል ቦታ እንደሚኖር አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

ለመሆኑ ሴቶችን ለብቻ ማስተማር ውጤት ያመጣል? በ2014 የታተመ አንድ ሰፊ ትንተና ከ21 አገራት የተሰበሰቡ 184 ጥናቶችን መርምሯል። የተማሪዎቹ የቤተሰብ ሁኔታና የቀድሞ ውጤት ከግምት ሲገባ፣ ለብቻ መማር ያለው ብልጫ እጅግ ትንሽ ወይም ጨርሶ የሌለ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ማለት ትምህርት ቤቶቹ ደካማ ናቸው ማለት አይደለም፤ "የሴቶች ብቻ" የሚለው ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም ማለት ነው። ከስሙ ይልቅ በጉብኝት ቀን የሒሳብ ክፍል ገብቶ ዝምተኛዋ ልጅ እንዴት እንደምትስተናገድ ማየት፣ በክፍሉ ስንት ጥቁር ተማሪዎች እንዳሉም መቁጠር የበለጠ ይናገራል።

ብዙዎችን የሚያስደነግጠው ክፍያው ነው። በትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ የሚታየው ዋጋ ግን ሙሉውን መክፈል ለሚችል ቤተሰብ ነው፤ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች የቤተሰቡን ገቢና ብዛት አይተው ይቀንሳሉ። ለዚህም የግብር ሰነድ ይጠየቃል። ለአገር ቤት ዘመድ በየወሩ የሚላከው ገንዘብ በቅጹ ላይ ላይታይ ስለሚችል፣ በደብዳቤ ማስረዳት አያስነውርም። ቅናሹ በየዓመቱ ይታደስ እንደሆነም መጠየቅ ተገቢ ነው።

መጓጓዣም አለ። ከሬኒየር ቫሊ ልጅን በየማለዳው ሐይቁን አሻግሮ ቤልቪው ማድረስ፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ወይም በሆስፒታል በፈረቃ ለሚሠሩ ወላጆች ከክፍያው የማይተናነስ ፈተና ሊሆን ይችላል።

ትምህርት በመስከረም ቢጀመርም ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው ከወራት በፊት፣ በጥር አካባቢ ነው። የክፍያ ድጋፍ ቅጹም ከዚያ ብዙ አይዘገይም። በግንቦት የምትጠይቅ እናት ቦታ ብታገኝ እንኳ የድጋፉ ገንዘብ ተከፋፍሎ አልቆ ሊጠብቃት ይችላል።