ተርቧ ስንት ክሽክሽ ገደለች?

ከጓሮ የተቀጠፈ ጎመን ሊታጠብ ሲል የቅጠሉን ጀርባ ገልበጥ አድርጋችሁ እዩ። አመድማ ዱቄት የለበሱ ደቃቅ ነፍሳት ተጠጋግተው ታገኛላችሁ። ክሽክሽ ናቸው። በመሐላቸው ግን አልፎ አልፎ የማይንቀሳቀስ፣ የተነፋ፣ ቡናማ ነገር ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ይታያል፤ በጥፍር ሲጫኑት ኮሽ ይላል። ብዙ ሰው እንቁላል ወይም አፈር ይመስለውና በውኃ ያስለቅቀዋል። የሞተ ክሽክሽ ቆዳ ነው፤ ውስጡ ተርብ እያደገች ነው።

ይህች ተርብ ሰው አትነድፍም። ቁመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ሆዷን በእግሮቿ መሐል ወደፊት ታጥፍና ክሽክሹን ወጋ አድርጋ አንድ እንቁላል ትጥልበታለች። የሚፈለፈለው እጭ ክሽክሹን ከውስጥ ይበላዋል፤ ክሽክሹ ግን ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ለጥቂት ቀናት የቅጠሉን ውኃ እየመጠጠ፣ አንዳንዴም እየወለደ ይሰነብታል። መጨረሻ ላይ እጩ ባዶውን ቆዳ ከቅጠሉ ጋር ያጣብቀዋል፤ ቆዳው ደርቆ ቀፎ ይሆናል። ሞቅ ባለ ወቅት ከእንቁላል እስከ ተርብ ሁለት ሳምንት ገደማ ይበቃል። እንደ ሰላ ድንጋይ ባለ ደጋ ብርድ ከዚያ መዘግየቱ አይቀርም።

ጎመኑ ላይ የምትሠራው ተርብ ገብሱንም ትጎበኛለች። በሳይንስ ስሟ ዲያሬቲየላ ራፔ የምትባለው ዝርያ የጎመን ክሽክሽንም የሩሲያ የስንዴ ክሽክሽንም ታጠቃለች። ይህ የሩሲያ የሚባለው ክሽክሽ በሰሜን ኢትዮጵያ ገብስ ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ አሜሪካ ቴክሳስ ላይ የታየው ዘግይቶ በ1986 ነበር። የበልግ ዝናብ ሲቆራረጥ የደጋ ገብስ ላይ ይበረታል። ቅጠሉ ነጭና ወይን ጠጅ ሰንበር ያወጣል፣ በቁመቱ ይጠቀለላል፣ ክሽክሹም ጥቅሉ ውስጥ ይደበቃል። የሚረጭ መድኃኒት እዚያ ድረስ መዝለቅ ይቸግረዋል። ተርቧ ግን ትገባለች።

ታዲያ ምን ያህል እንደጠቀመች እንዴት ይታወቃል?

የተለመደው ዘዴ ቆጠራ ነው። ማሳውን ከጥግ እስከ ጥግ እያቋረጡ፣ እርምጃ እየለኩ ቡቃያ መንቀል፤ ጥቅሉን ፈትቶ በሕይወት ያለውን ክሽክሽና ቀፎውን ለየብቻ መቁጠር፤ ቀፎውን ለጠቅላላው ማካፈል። 90 ክሽክሽና 10 ቀፎ ቢገኝ 10 በመቶ ተጠቅቷል ይባላል። ቀላል ነው፤ ለዚህም ነው ሁሉም የሚወደው። ይሁን እንጂ ቁጥሩ በሁለት በኩል ያሳስታል።

አንደኛ፣ ደህና ከመሰሉት 90ዎቹ ውስጥ ስንቱ እጭ እንደተሸከመ ዐይን አያይም። ክሽክሾቹን ከነቅጠላቸው ብርጭቆ ውስጥ ከትቶ፣ አፉን በሻሽ አስሮ፣ ቅጠሉ ሲጠወልግ እየቀየሩ ሁለት ሦስት ሳምንት ማቆየት ነው መፍትሔው። ከ90ዎቹ 30ው ቀፎ ቢሆኑ እውነተኛው ጥቃት 40 በመቶ ነበር ማለት ነው። ሁለተኛው ስሕተት ወደ ላይ ነው። ዝናብ ክሽክሹን ያጥበዋል፣ ክንፍ ያወጣውም ይበራል፤ ቀፎው ግን ተጣብቆ ይቀራል። በወቅቱ መጨረሻ ላይ የሚቆጥር ሰው 80 በመቶ አግኝቶ ሊደነቅ ይችላል። ባዶ ቤት ነው የቆጠረው።

ቀፎውን በአጉሊ መነጽር ማየትም ዋጋ አለው። ጀርባው ላይ ያለው ቀዳዳ ክብና ጠርዙ ለስላሳ ከሆነ የወጣችው የእኛዋ ተርብ ናት። ጠርዙ የተቀዳደደ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ የወጣችው ሌላ ናት፤ የተርቧን እጭ በልታ ያደገች፣ የጥገኛ ጥገኛ። እሷ ስትበዛ የገበሬው ወዳጅ ታንሳለች። ጥቁር ቀፎ የሚያስቀሩ አፌሊነስ የተባሉ ጥቃቅን ተርቦችም አሉ፤ እነዚህ እንቁላል ከመጣል ሌላ ክሽክሹን ወግተው ፈሳሹን ይመጥጣሉ። እንዲያ የሞተው ቀፎ ስለማይሆን ከቆጠራ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ግን ጥያቄው አልተመለሰም። ድመት በጎተራ ውስጥ የገደለችውን አይጥ ብንቆጥር እህሉ መትረፉን አናውቅም። ክሽክሽ ያለ ወንድ ይወልዳል፤ ሙቀት ከተስማማው ልጁ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ውስጥ ራሱ ወላጅ ይሆናል። 40 በመቶው ሞቶ የቀረው ማሳውን ሊሞላው ይችላል። መለካት ያለበት ተርቧ ባትኖር ኖሮ ክሽክሹ የት ይደርስ እንደነበር ነው።

ለዚያ ድንኳን ያስፈልጋል። ተመሳሳይ ብዛት ያለው ክሽክሽ ከሰፈረበት ገብስ ላይ ሦስት ዓይነት መከለል፦ አንዱን ዙሪያውን በደቃቅ ሻሽ፣ ሌላውን በአጎበር፣ ሦስተኛውን ጣሪያው ብቻ ሻሽ ሆኖ ጎኑ ክፍት። የአጎበር ዐይን ለቀጭኗ ተርብ ሰፊ ነው፤ ክሽክሽ የሚበላውን ባለ ነጠብጣብ ቀይ ጢንዚዛ ግን ያግደዋል። የሦስተኛው ጣሪያ ለዝናቡ ነው፤ አለዚያ ዝናብ ያጠበውን ጠላት በላው እንላለን። ሻሽ ሙቀትም ስለሚይዝና ነፋስ ስለሚከለክል ልዩነቱ ሁሉ የተርቧ ነው ማለት አይቻልም። አንድ አንድ ድንኳንም አይበቃም፤ ማሳው ውስጥ በተለያየ ቦታ መደጋገም አለበት።

ጀርመን ውስጥ በስንዴ ማሳ ላይ የክሽክሽ ጠላቶችን በመከልከል የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት አለ። በምድር የሚሄዱት አዳኞች ሲቀነሱ ክሽክሹ በ18 በመቶ በለጠ፤ በራሪ አዳኞችና ተርቦች ሲወገዱ በ70 በመቶ፤ ሁለቱም ሲወገዱ በ172 በመቶ። 18 እና 70 ተደምረው 88 ነው። አንደኛው ወገን ሲጎድል ሌላው ከፊሉን ይሸፍን ነበር ማለት ነው፤ ይህን ቀፎ በመቁጠር ማንም አያገኘውም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በሻሹ ውስጥ ያለው ክሽክሽ ከአጎበሩ በእጅጉ ከበለጠ ልዩነቱ በአብዛኛው የተርቧ ሥራ ነው። አጎበሩ ከክፍቱ ከበለጠ ደግሞ የጢንዚዛውና የመሰሎቹ። ሻሹና አጎበሩ እኩል ከሆኑ፣ ቀፎው ምንም ቢበዛ፣ በዚያ በልግ ተርቧ ለገብሱ አልደረሰችለትም። በመሐል እርሻው ወይም የጎረቤቱ ማሳ ከተረጨ ተርቧም አብራ ትሞታለችና ከዚያ ቀን በኋላ ያለው ቆጠራ አይያዝም።