በደጋ አገር ላቦራቶሪ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ኢንኩቤተር አተካከልና አያያዝ

መግቢያ

በማጅራት ገትር ከተጠረጠረ ሕፃን የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ተወስዶ ወደ ላቦራቶሪ ከተላከ በኋላ «ምንም ባክቴሪያ አልበቀለም» የሚል ውጤት ሲመለስ ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል። አንደኛው በፈሳሹ ውስጥ ሕያው ባክቴሪያ አልነበረም ማለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ባክቴሪያው ነበረ፤ ነገር ግን ላቦራቶሪው ለመብቀል የሚያስፈልገውን ሁኔታ አላሟላለትም ማለት ነው። በውጤት ወረቀቱ ላይ ሁለቱ አይለዩም። ሐኪሙ ግን በዚያው ወረቀት ተመሥርቶ መድኃኒት ይቀጥላል፣ ይለውጣል ወይም ያቆማል።

ኢትዮጵያ ከሴኔጋል ጀምሮ አፍሪካን አቋርጦ በሚዘልቀው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ትገኛለች። የሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ዓይነት ቢ ክትባት እ.ኤ.አ. በ2007፣ የኒሞኮከስ ክትባት በ2011 በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገቡ ሲሆን፣ የሜኒንጎኮከስ ኤ የክትባት ዘመቻም በ2013 ተጀምሯል። ክትባቶቹ ብዙ ሕይወት የሚታደጉ ቢሆኑም፣ በክትባቱ ያልተሸፈኑትን ዝርያዎች ለማወቅና የመድኃኒት መላመድን ለመከታተል ባክቴሪያውን በካልቸር ማሳደግ እንደበፊቱ አስፈላጊ ነው። ለዚህ ሥራ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ኢንኩቤተር ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መሣሪያው እንደ ደብረ ታቦር ባለ ከፍተኛ ቦታ ሲተከል ሊደረግለት የሚገባውን ጥንቃቄና የዘወትር አያያዙን ለጤና ባለሙያዎች ማስረዳት ነው። ከመሣሪያው ጋር የሚመጡት የአጠቃቀም መመሪያዎች በአብዛኛው ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፉ ስለሆኑ፣ ለደቡብ ጎንደር ደጋ የሚስማማውን ማስላት የተጠቃሚው ድርሻ ይሆናል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለምን ያስፈልጋል?

መሣሪያው ሦስት ነገሮችን ይቆጣጠራል፤ እነርሱም ሙቀት፣ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ናቸው። ለባክቴሪያ ሥራ ሙቀቱ ብዙውን ጊዜ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ ጋዙም ከ5 እስከ 10 በመቶ ይደረጋል። የጨብጥ ባክቴሪያ፣ ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ እና አንዳንድ የኒሞኮከስ ዝርያዎች ያለ ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይ አይበቅሉም፣ ወይ ደክመው ይበቅላሉ። ሜኒንጎኮከስም በዚሁ ሁኔታ የተሻለ ይበቅላል። ከብት በሚረባበት አካባቢ ሊታሰብ የሚገባው ብሩሴላ አቦርተስም ለመጀመሪያ ጊዜ ከታማሚ ሲለይ አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ጋዝ ይፈልጋል። ብሩሴላ የላቦራቶሪ ሠራተኛን በቀላሉ የሚይዝ በመሆኑ ፔትሪ ዲሹን ከፍቶ ማሽተት ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

የሰው ወይም የእንስሳት ሴሎችን ለሚያሳድግ ላቦራቶሪ ደግሞ የጋዙ ተግባር ሌላ ነው። ሴሎቹ የሚያድጉበት ፈሳሽ ባይካርቦኔት ስላለው፣ በዙሪያው ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የፈሳሹን ፒኤች ይወስናል። ይህም የደም ወሳጅ ጋዝ ምርመራን ለሚያውቅ ሐኪም እንግዳ አይደለም። ታማሚ አብዝቶ ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ቀንሶ ደሙ ወደ አልካላይን እንደሚያዘነብል ሁሉ፣ ጋዝ ያነሰው ፈሳሽም እንዲሁ ይሆናል።

የከፍታ ጉዳይ

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በባሕር ወለል 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሆነው የአየር ግፊት በዚህ ከፍታ ወደ 550 ገደማ ይወርዳል። ኦክስጅን በየትኛውም ቦታ ከአየሩ 21 በመቶ ቢሆንም፣ በደጋ የሚኖር ጤነኛ ሰው የኦክስጅን መጠን በቆላ ካለው ሰው ዝቅ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። መቶኛው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ግፊቱ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። በባሕር ወለል 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለት የ760 ሃያኛ እጅ፣ ማለትም 38 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። በደብረ ታቦር ግን ያው 5 በመቶ 27.5 ብቻ ይሆናል። ፈሳሹ የሚያውቀው መቶኛውን ሳይሆን የጋዙን የራሱን ግፊት በመሆኑ ፒኤቹ ከታሰበው በ0.14 ያህል ከፍ ይላል። 7.4 ሊሆን የታሰበው ፈሳሽ ከ7.5 በላይ ይሆናል ማለት ነው። 38 ሚሊ ሜትሩን ለማግኘት 38ን ለ550 ማካፈል ያስፈልጋል፤ ውጤቱም 7 በመቶ ገደማ ነው።

በአንድ ዞን ውስጥ እንኳ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። 1,800 ሜትር አካባቢ በምትገኘው ወረታ ግፊቱ ወደ 615 ስለሚሆን የሚያስፈልገው 6.2 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ መሣሪያ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ሲዛወር ቅንብሩ እንደገና መታየት አለበት። ጉዳዩ የደቡብ ጎንደር ብቻም አይደለም። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በሚሠራበት ዓይነት የሴል ምርምር ላይ የተሰማራ ማንኛውም የደጋ ላቦራቶሪ ይኸው ስሌት ይመለከተዋል።

ለተራው የባክቴሪያ ካልቸር ግን ነገሩን ማጋነን አይገባም። ከፍታው ከሚያስከትለው ጉድለት ይልቅ የሙቀት መዋዠቅ፣ የአጋር መድረቅና የኤሌክትሪክ መቋረጥ ባክቴሪያውን ይበልጥ ይጎዱታል። ቅንብሩን ወደ 7 በመቶ ከፍ ማድረግ ከ5 እስከ 10 ባለው ክልል ውስጥ ስለሚቆይ ጉዳት የለውም።

ቅንብሩን ከመለወጥ በፊት

ከፍታውን አስልቶ ቁጥሩን ወዲያውኑ መጨመር ግን ሌላ ስሕተት ሊያስከትል ይችላል። ምክንያቱም የጋዝ መለኪያዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። በጋዝ የሙቀት ማስተላለፍ ችሎታ የሚሠራው መለኪያ የሚያነበው መቶኛን ስለሆነ ከላይ የተገለጸው ማስተካከያ ያስፈልገዋል። ይህ ዓይነት መለኪያ በሙቀትና በእርጥበትም ስለሚታለል በሩ ብዙ ጊዜ ከተከፈተ ወይም የውኃው ሳሕን ከደረቀ የተሳሳተ ቁጥር ያሳያል። በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚሠራው መለኪያ ግን የሚቆጥረው በብርሃኑ መንገድ ላይ ያሉትን የጋዝ ሞለኪውሎች ነው። በባሕር ወለል ተስተካክሎ የአየር ግፊት ማካካሻ ከሌለው፣ በደብረ ታቦር 5 ብሎ ሲያሳይ በውስጡ ያለው 7 በመቶ ገደማ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ተጠቃሚው ቁጥሩን ወደ 7 ቢያሳድገው ማስተካከያው ሁለት ጊዜ ተደረገ ማለት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች በቅደም ተከተል ይፈጸማሉ። አንደኛ፣ የመለኪያው ዓይነትና የከፍታ ማካካሻ መኖር አለመኖሩ ከመመሪያው ይረጋገጣል። ሁለተኛ፣ በውስጡ ያለው ጋዝ ናሙና በመውሰጃው ቀዳዳ በኩል በፋይራይት ወይም በሌላ ራሱን በቻለ መሣሪያ ይለካል። ፋይራይት ጋዙን በፈሳሽ መጦ በይዘት ስለሚለካ የሚሰጠው መቶኛ ነው። ሦስተኛ፣ ባይካርቦኔት ያለበት ፈሳሽ ክዳኑ ላልቶ በመሣሪያው ውስጥ ካደረ በኋላ እንደወጣ ወዲያውኑ ፒኤቹ ይለካል። የመጨረሻው ዳኛ ይህ ፒኤች ነው። በፈሳሹ ውስጥ ፌኖል ሬድ ካለ ወደ ሐምራዊ ያዘነበለ ቀለም ጋዝ እንዳነሰ፣ ቢጫ ቀለም ደግሞ ጋዝ እንደበዛ ወይም ብክለት እንደገባ ያመለክታል።

ቦታ መምረጥና መትከል

መሣሪያው በጠንካራና ውኃ ልኩ በተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይቀመጣል። ከመስኮት፣ ከአውቶክሌቭና ሰው ከሚበዛበት መተላለፊያ መራቅ አለበት። በደብረ ታቦር ሌሊቱ ቀዝቃዛ በመሆኑ በመስታወት በሩ ላይ ጤዛ ይጠራቀማል፤ ጤዛውም ለሻጋታ መልካም መራቢያ ነው። የበር ማሞቂያ ያለው መሣሪያ ከሆነ ማሞቂያው ከክፍሉ ቅዝቃዜ ጋር ተመዛዝኖ መስተካከል አለበት።

ከተከሉት በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ባዶውን እንዲሠራ ማድረግ ያስፈልጋል። ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ ቴርሞሜትር ውኃ ባለበት ጠርሙስ ተነክሮ በላይኛው፣ በመካከለኛውና በታችኛው መደርደሪያ በየተራ ይነበባል። የናሙና ሥራ የሚጀመረው ንባቡ ከጸና በኋላ ነው።

ለእርጥበት ሳሕኑ የሚውለው ውኃ ዲስቲልድና ከጀርም የጸዳ መሆን አለበት። የቧንቧ ውኃ ክሎሪንና ማዕድን ስላለው ብረቱን ይበላል። ውኃውን ለማጽዳት አውቶክሌቭ ሲጠቀሙም ከፍታው መታሰብ ይኖርበታል። በደብረ ታቦር ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። የግፊት ጌጁ በባሕር ወለል እንደሚደረገው በ15 ፒኤስአይ ላይ ቢቆም ሙቀቱ 116 ዲግሪ አካባቢ ይቀራል፤ 121 ለመድረስ 19 ፒኤስአይ ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ መታመን ያለበት ጌጁ ሳይሆን ቴርሞሜትሩና የማምከን አመልካቹ ነው።

የጋዝ ሲሊንደር

ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሲሊንደር ውስጥ የሚቀመጠው በፈሳሽ መልክ ነው። በዚህ ምክንያት ፈሳሹ እስኪያልቅ ድረስ የግፊት ጌጁ ብዙም አይወርድም፤ መውረድ ሲጀምር ጋዙ ሊያልቅ ተቃርቧል ማለት ነው። ጌጁን አይቶ «ገና ሙሉ ነው» ማለት አያዋጣም። አስተማማኙ ዘዴ ሲሊንደሩን መመዘንና በላዩ ከተጻፈው የባዶ ክብደት ጋር ማነጻጸር ነው። ጋዝ ከሩቅ ከተማ ለሚያስመጣ ሆስፒታል ሁለተኛ ሙሉ ሲሊንደር ሁልጊዜ በመጠባበቂያ መኖሩ ግዴታ ነው።

ሲሊንደሩ ቆሞ በሰንሰለት ከግድግዳ ጋር ይታሰራል። ወደ ኢንኩቤተሩ የሚገባው ግፊት በሬጉሌተር አምራቹ ወደሚያዘው፣ ብዙውን ጊዜ ከ1 ባር ወደማይበልጥ መጠን ይቀነሳል። መገጣጠሚያዎቹ በሳሙና አረፋ ይፈተሻሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ በዝቅተኛ ቦታ ይጠራቀማል፤ ቀለምና ሽታም የለውም። ብርድን ለመከላከል መስኮት በሚዘጋበት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚያፈስ ሲሊንደር ለሕይወት አስጊ ነው። በአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ ወዲያውኑ አደገኛ ነው። በክፍሉ የሚሠራ ሰው ራስ ምታት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ማዞር ከተሰማው በመጀመሪያ ወጥቶ ክፍሉን ማናፈስ ይገባል።

የዘወትር አያያዝ

በየቀኑ ጠዋት በሩ ከመከፈቱ በፊት ሙቀቱና የጋዙ መጠን ተነብቦ በመዝገብ ላይ ይሠፍራል፤ የአንባቢው ፊርማም ይታከልበታል። የውኃው መጠንም በዚያው ጊዜ ይታያል። በሩ ለአጭር ጊዜ ብቻ ይከፈታል።

በየሳምንቱ የሳሕኑ ውኃ ይለወጣል፤ ሳሕኑም ይታጠባል። የሲሊንደሩ ክብደትና የበሩ ጎማ ይፈተሻሉ። የፈሰሰ ነገር ካለ ሳይውል ሳያድር ይጸዳል።

በየወሩ መደርደሪያዎቹ ወጥተው በአውቶክሌቭ ይመክናሉ። የውስጥ ግድግዳው መሣሪያው ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ በ70 በመቶ አልኮል ይጠረጋል። በረኪና አይዝጌውን ብረት ስለሚያበላሽ አይመከርም። ጋዙ በሌላ መሣሪያ ተለክቶ ከሚታየው ቁጥር ጋር ይነጻጸራል። የአየርና የጋዝ ማጣሪያዎች ደግሞ አምራቹ በወሰነው ጊዜ ይለወጣሉ።

አንድ ማሳሰቢያ መጨመር ያስፈልጋል። የመድኃኒት ስሜታዊነት ምርመራ ሁሉ በዚህ መሣሪያ ውስጥ አይቀመጥም። ለኒሞኮከስ፣ ለሄሞፊለስና ለጨብጥ ባክቴሪያ 5 በመቶ ጋዝ የታዘዘ ሲሆን፣ ስታፊሎኮከስና ኢኮላይን የመሳሰሉት ግን በተራው ኢንኩቤተር መመርመር አለባቸው። ጋዙ አጋሩን አሲዳማ ስለሚያደርገው የኤሪትሮማይሲንና የጄንታማይሲን ክብ ይጠባል፤ የቴትራሳይክሊን ይሰፋል። በዚህ ምክንያት የሚሠራ መድኃኒት «አይሠራም» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል።

ኤሌክትሪክ ሲቋረጥና መሣሪያው ሲጎድል

መሣሪያው በስታቢላይዘር በኩል መሥራት፣ ከጄነሬተር መስመር ጋርም መገናኘት አለበት። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ በሩን አለመክፈት የመጀመሪያው እርምጃ ነው። የተቋረጠበትና የተመለሰበት ሰዓት ይመዘገባል፤ መቋረጡ ረዥም ከሆነም በውጤቱ ወረቀት ላይ ለሐኪሙ ይገለጻል።

መሣሪያው ከተበላሸ ወይም ጋዙ ካለቀ የሻማው ማሰሮ አሁንም ያገለግላል። ፔትሪ ዲሾቹ እርጥብ ጥጥ ባለበት፣ ክዳኑ አየር በማያስገባ ማሰሮ ውስጥ ይደረደራሉ። ሽታና ቀለም የሌለው ነጭ ሻማ በላያቸው ይበራና ማሰሮው ይዘጋል። ሻማው ራሱ ሲጠፋ 3 በመቶ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተዋል። ማሰሮው ከዚያ በተራው ኢንኩቤተር ውስጥ ይገባል። ይህ ለብዙዎቹ ባክቴሪያዎች በቂ ቢሆንም ለሴል ማሳደግ አይሆንም።

ማጠቃለያ

በደብረ ታቦር ዛሬ ዩኒቨርሲቲና ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ያሉ በመሆኑ በአካባቢው የካልቸር አገልግሎት ፍላጎት እያደገ መሄዱ አይቀርም። መሣሪያ መግዛት ግን የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አይደለም። ቁጥሩ ምን እንደሚለካ ያላወቀ፣ ጋዙን ያልመዘነ፣ ውኃውን ያልለወጠ ላቦራቶሪ ውድ መሣሪያ እያለው የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል።

ለዚህም ኃላፊነቱ የላቦራቶሪ ባለሙያው ብቻ አይደለም። ናሙናውን የሚወስደው ባለሙያ የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽን ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳያስገባና በቀዝቃዛ ጠረጴዛ ላይ ሳያሳድር በአንድ ሰዓት ውስጥ ማድረስ አለበት። የሆስፒታሉ አስተዳደር ለመጠባበቂያ ሲሊንደርና ለማጣሪያ በጀት መያዝ ይኖርበታል። የመሣሪያ ጥገና ባለሙያው የመለኪያውን ዓይነት መዝግቦ መያዝ ይገባዋል። ሐኪሙም «አልበቀለም» የሚል ወረቀት ሲደርሰውና የታማሚው ሁኔታ ሌላ ሲናገር፣ መድኃኒቱን ከማቆሙ በፊት ወደ ላቦራቶሪው ሄዶ የዚያን ዕለት የሙቀትና የጋዝ መዝገብ ቢያይ ታማሚውን ይጠቅማል።