ለሚሰማ ጆሮ የተጻፈ

አያቴ ሬዲዮው ሲከፈት ባናውን ወደ ትከሻው ሰብሰብ ያደርግና እጁን ያነሣ ነበር፤ ዝም በሉ ማለቱ ነው። መሐል ሜዳ ክረምት ሲገባ ጉሙ እስከ ደጃፍ ይመጣል። ባትሪ ድንጋይ የሚገዛው ገብስ ተሽጦ ስለነበር ሬዲዮው ከዜና በቀር ለሌላ ነገር አይከፈትም። አንድ ምሽት እኔ በማስነጠሴ አንዲት ቃል አመለጠችው። የመጨረሻዋ ቃል ነበረች። «ተስማሙ አለ ወይስ አልተስማሙም?» እያለ ሁላችንንም በየተራ ጠየቀን፤ የሰማ የለም። «ሬዲዮ እኮ አይደግምም ልጄ» አለኝና ዜናው ሳይለይለት አደረ።

ስለ ዜና አንባቢነትና ስለ ደራሲነት ሳስብ የምነሣው ከዚያች ቃል ነው። ዜና ሲያነብቡ ኖረው መጽሐፍ የጻፉ ሰዎች በየአገሩ አሉ። ሱዳን የተወለደችውና በቢቢሲ ቴሌቪዥን ዜና አንባቢነቷ የታወቀችው ዘይነብ በዳዊ የአፍሪካን ታሪክ ጽፋ በ2024 እ.ኤ.አ. አሳትማለች። ጆርጅ ኦርዌልም ከ1941 እስከ 1943 እ.ኤ.አ. በዚያው ቢቢሲ ለሕንድ አድማጮች የጦርነቱን ሐተታ ያዘጋጅ ነበር፤ ስሙን ያስጠራው የእንስሳቱ ተረት የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1945 ነው። የእኛው ግን ከሩቅ የሚፈለግ አይደለም፤ የመንዝና ግሼ ሰው ናቸው።

ከበደ ሚካኤል ጥቅምት 23 ቀን 1909 ዓ.ም. ገርም ገብርኤል ተወለዱ። ከነጻነት በኋላ በሬዲዮ ጋዜጠኝነትና በፕሮግራም አቅራቢነት ሠሩ፤ በትምህርት ሚኒስቴር በኃላፊነት አገለገሉ፤ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን ወመዘክርንም መርተዋል። በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀብለዋል። በኅዳር 1991 አረፉ። ይህን ያህሉን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ በሬዲዮ መሥራታቸውን ግን ብዙ ሰው እንደ ዋዛ ያልፈዋል። እኔ የማላልፈው እሱን ነው።

የአቃቂው የሬዲዮ ጣቢያ በ1928 መግቢያ ተመርቆ ብዙም ሳይቆይ የጣሊያን ወረራ ደረሰበት፤ በ1933 ነጻነት ሲመለስ ሬዲዮው እንደገና መናገር ጀመረ። ቴሌቪዥን የመጣው ከዚያ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የዘውድ በዓል በሚከበርበት በጥቅምት 23 ቀን 1957 ነው። ዕለቷ የከበደ ሚካኤል 48ኛ የልደት ቀን ነበረች። እሳቸው ግን በመስኮት የታዩ ዜና አንባቢ አይደሉም። የእሳቸው ዘመን አድማጭ የተናጋሪውን ፊት አያይም፤ ያለው ጆሮው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ዜና አንባቢ ለመሆን ጥሩ ድምፅ ይበቃል የሚሉ ሰዎች አሉ። አይበቃም። ድምፅማ መንዝ ላይ ሞልቷል፤ ከዚያኛው ጋራ ተጣርቶ እዚህኛው ጋራ የሚሰማ እረኛ ስንት አለ! ዜና አንባቢን የሚፈትነው ፊደላችን የማይጽፈው ነገር ነው። መጥበቅና መላላትን ፊደሉ አያሳይም። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ ሰፊው፣ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነው ነው። «ዋና» ሲጠብቅ አለቃው፣ ሲላላ ወንዝ ውስጥ የሚደረገው ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይኖራል። ከሁሉም የምወዳት «ይሰማል» ናት፤ ላልታ ስትነበብ ሰውየው ይሰማል፣ ጠብቃ ስትነበብ ድምፁ ይሰማል። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ፊደል ተጽፈው ወረቀቱ ላይ ተቀምጠዋል። ቤቱ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ቢሳሳት ወደ ኋላ ተመልሶ ያርመዋል፤ ዜና አንባቢው ግን ዐረፍተ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ካላወቀ የተሳሳተችው ቃል ከአፉ ወጥታ ጋራውን ተሻግራለች።

ሁለተኛው ፈተና ግሡ ነው። በአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ሚኒስትሩ፣ ከእነማን ጋር፣ የትና መቼ፣ ስለምን፣ በምን ምክንያት፣ ይህ ሁሉ ተደርድሮ «አረጋገጡ» ይሁን «አስተባበሉ» የሚታወቀው በመጨረሻዋ ቃል ነው። እስከዚያ ድረስ አድማጩ ሁሉንም በእጁ እንደያዘ ይቆያል። ዐረፍተ ነገሩ ከረዘመ አንዱ ይወድቅበታል፣ ወይም እንደ እኔ ያለ ልጅ ያስነጥሳል። አንባቢውም እዚያ ሳይደርስ ትንፋሹ ካለቀ ድምፁ የሚወርደው በጣም በምትፈለገው ቃል ላይ ነው። ደህና ዜና ጸሐፊ ስለዚህ ነው አንዱን ረጅም ነገር ሦስት ቦታ የሚቆርጠው። ዛሬ ጽሑፉ ካሜራው ፊት ባለ መስታወት ላይ እየተንሸራተተ ይነበባል፤ መስታወቱ ዓይንን ከወረቀት ነጻ ያወጣል እንጂ የቱ እንደሚጠብቅ አይናገርም። ልብ ብላችሁ የምሽቱን የሁለት ሰዓት ዜና ስሙ፦ ሰፊውን ማሳ የልብስ ሰፊ የሚያደርጉት ትንሽ አይደሉም። እባካችሁ ዜና አንባቢዎች፣ ስቱዲዮ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ጮክ ብላችሁ አንብቡት!

አሁን የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ» ይዛችሁ ተቀመጡ። እሳቸውን የልጆች ተረት ጸሐፊ የሚያደርጓቸው ሰዎች የሚጠቅሱት ይህንኑ ነው፤ ትምህርት ቤት አስተምሮናል፣ አድገን ጥለነዋል ይላሉ። ጥፋቱ የመጽሐፉ አይደለም፤ በቃል አስጠንቶ በምልክት ብቻ የመዘነን መምህር ነው። ግጥሙን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ሐሳቡ ስንኙ ጋ ይደርሳል፣ ትንፋሽም እዚያው ያርፋል። ግሡ ቤት እየመታ ስለሚመጣ አድማጭ ከመድረሱ በፊት ድምፁን መጠበቅ ይጀምራል፤ የጠበቀውም አያመልጠውም። እንስሳቱ ገና ሲገቡ ማን ምን እንደሚፈልግ ይታወቃል። ማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ የማያየውን ሰው ለመያዝ የታገለ ሰው የሚጽፈው እንዲህ ነው ብዬ አምናለሁ። የአገራችን ቅኔና የፈረንሳይኛ ንባባቸው አልረዷቸውም ማለቴ አይደለም፤ ረድተዋቸዋል። ነገር ግን በዚያ ዘመን አንድ መጽሐፍ አንድ ቤት ሲገባ የሚያነብበው ፊደል የቆጠረው ልጅ ነው፣ የቀረው ቤተሰብ ይሰማል። መጽሐፉም እንደ ሬዲዮው የሚደርሰው በጆሮ ነበር። ከበደ ሚካኤል ያን ቤት ያውቁታል፤ ከዚያው አገር ነው የወጡት።

የድርሰታቸው ዝርዝር ውስጥ ሳልገባ ጥቂቱን ብቻ ላንሣ። «ኢትዮጵያና ምዕራባዊ ሥልጣኔ» በ1941 ሲወጣ አማርኛው፣ እንግሊዝኛውና ፈረንሳይኛው በአንድ ጥራዝ ነበር። «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» በ1946 ተከተለ። ሁለቱም ስድ ንባብ ናቸው፤ ክርክራቸው ከባድ ቢሆንም ጮክ ብሎ ለሚያነብ ትንፋሽ ይበቃዋል። «አኒባል»ን የመሰለው ተውኔታቸው ደግሞ ከመነሻው ለመድረክ የተጻፈ ስለሆነ ስለ ጆሮው ብዙ መናገር አያስፈልገኝም።

በተቃራኒው መንገድ የሄደው በዓሉ ግርማ ነው። እሱ የመጽሔትና የጋዜጣ ሰው ነበር፤ በ1975 ባወጣው «ኦሮማይ» ግን ዋናውን ሰው ፀጋዬ ኃይለ ማርያምን የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ አድርጎ ወደ አስመራ ላከው። ለሕዝብ የሚነገረውን የሚያዘጋጅ ሰው ለራሱ የሚያውቀውን የት ያስቀምጠዋል የሚለው ጥያቄ በአማርኛ ልብ ወለድ እንዲህ ቀርቦ አላየሁም። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉም በ1976 እንደወጣ ቀረ።

አምና አንዲት ወጣት ዜና አንባቢ፣ የእህቴ ልጅ ጓደኛ፣ ቤት መጥታ «ጋሼ፣ አነባበቤን እንዴት ላሻሽል?» አለችኝ። የድምፅ ልምምድ የምነግራት መስሏት ነበር። «ታሪክና ምሳሌ»ን ከእርሳስ ጋር ሰጠኋትና የሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ እያደረገች አንድ ተረት እንድትጨርስ ነገርኳት። መጀመሪያ በዓይኗ ብቻ እያነበበች ነጠበች። ቀጥሎ ጮክ ብላ አነበበችው፤ አራት ነጥብ አጠፋች፣ ሰባት ጨመረች። ሻዩ ቀዝቅዟል። «አንዴ ልድገመው» ብላ ከመጀመሪያው ጀመረች።