ተጨማሪ መረጃ፦ ኢንዲየም ከፋብሪካ ትራፊ

በነፋስ መውጫ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ የሚሸጥ የንክኪ ስልክ ስክሪን በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን አለው። ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ የሚባለው ይህ ሽፋን ብርሃን ያሳልፋል፣ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል። ኢንዲየም በ1863 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ የተገኘ ብረት አስተኔ ሲሆን በአብዛኛው የሚመረተው በዚንክ ማዕድን ውስጥ ካለው ጥቂት መጠን ነው።

በስክሪን ፋብሪካ ሽፋኑ የሚሠራው ከዚሁ ኦክሳይድ የተሠራ ድፍን ሰሌዳን በጋዝ አዮኖች በመደብደብ ነው። የሚፈናጠሩት አተሞች መስታወቱ ላይ ያርፋሉ። ሆኖም መስታወቱ ላይ የሚያርፈው ከሰሌዳው ሲሶ ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረው እዚያው ሰሌዳው ላይና በመሣሪያው ግድግዳ ላይ ይቀራል። ብርቅ የሆነው ንጥረ ነገር እንዳይባክን ትራፊው ተሰብስቦ ይፈጫል፣ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይሟሟል፣ ከቲንም ይለያል። ቀጥሎ ዚንክ ወይም አሉሚኒየም ይጨመርበታል። ሁለቱም ከኢንዲየም ይበልጥ ንቁ በመሆናቸው እነሱ ሲሟሙ ኢንዲየሙ እንደ ስፖንጅ ሆኖ ይወጣል፤ በመጨረሻም በኤሌክትሮሊሲስ ይጣራል። ንቁ ብረት ያነሰ ንቁ የሆነውን ከሙሙቱ የሚያስወጣበት ይህ ሂደት የመተካት አፀግብሮት ይባላል።

በኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝ የሚመራው በ2010 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 425 ነው። አሮጌ ስልክን ማቃጠል ወይም በቤት ውስጥ በአሲድ መንከር መርዛማ ጭስና ፈሳሽ ስለሚያስከትል ፈጽሞ አይሞከርም።

ሞክሩ፦ የመተካት አፀግብሮትን ለማየት በመምህራችሁ ክትትል ንጹሕ የብረት ሚስማር በመዳብ ሰልፌት ሙሙት ውስጥ ንከሩ። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ በሚስማሩና በሙሙቱ ቀለም ላይ የታየውን ለውጥ መዝግቡ።