ልጃችሁ «ራስ ደጀንን ልወጣ ነው» ሲላችሁ

በሬድዮ ያቀረብነውን ይህን ንግግር ያልሰማችሁ እንድታነቡት፣ የሰማችሁም ለልጆቻችሁ እንድታሳዩት እዚህ አትመነዋል።

እንደምታዩት በዚህ አገር ወጣቶች ወታደርነታቸውን ሲጨርሱ ጥቂት ወራት ሠርተው ባጠራቀሙት ገንዘብ ረጅም ቲዩል ይወጣሉ። አንዱ ወደ ኔፓል፣ ሌላው ወደ ደቡብ አሜሪካ ይሄዳል። ከእኛ ልጆች ደግሞ አንዳንዶቹ «በመጀመሪያ አባቴ የሚያወራውን ተራራ ልይ» ይላሉ። እናት ትደነግጣለች። አባት «እኔ በባዶ እግሬ ስረግጠው የኖርሁትን አገር እሱ በጫማ ቢወጣው ምን አለው?» ይላል። በየቤታችሁ ስገባ ይህ ክርክር ሲነሣ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። የእናትየዋ ፍርሃት መሠረት አለው፤ የአባትየውም ኩራት እንዲሁ። ነገር ግን ልጁን ከአደጋ የሚጠብቀው ፍርሃትም ኩራትም ሳይሆን ዝግጅት ስለሆነ፣ ስለ ዝግጅቱ እንነጋገር።

ራስ ደጀን፣ ፈረንጆች ራስ ዳሽን የሚሉት፣ በስሜን ተራሮች ውስጥ በበየዳ የሚገኝ የኢትዮጵያ ከፍተኛው ጫፍ ነው። በድሮ ካርታዎች ላይ 4,620 ሜትር ተብሎ ይገኛል፤ በኋላ በተደረገው ልኬት ግን 4,533 ሜትር ሆኗል። (ባንኩም ቢራውም ዳሽን የተባሉት በዚሁ ተራራ ስም ነው።) በመጽሐፍ እንደተመዘገበው መጀመሪያ ጫፉ ላይ የወጡት ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች ሲሆኑ ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር 1841 ነበር። የበየዳ እረኞች ግን ይህን ሲሰሙ የሚስቁ ይመስለኛል። ለእኛ ለቤተ እስራኤልም ስሜን እንግዳ ስም አይደለም፤ አያቶቻችን በዐፄ ሠርፀ ድንግልና በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ16ኛውና በ17ኛው ምዕተ ዓመት፣ በእነዚያ አምባዎች ላይ ሆነው ተዋግተዋል። ስለዚህ ልጁ ለመሄድ ቢመኝ አይገርምም።

አሁን ደስ የማይለውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ከኅዳር 2020 እስከ ኅዳር 2022 የነበረው ጦርነት እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደርሶ ነበር። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በመንግሥት ሠራዊትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ውጊያ ተነሥቶ፣ ጎንደር ከተማ ውስጥም ተኩስ ተሰምቷል፤ በመንገድ ላይ ሰው እየታገተ ገንዘብ የተጠየቀበት ጊዜም አለ። በመሆኑም ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት የእስራኤል የብሔራዊ ደኅንነት ምክር ቤት ለኢትዮጵያ ያወጣውን የጉዞ ማስጠንቀቂያ አንብቡ፤ ዕብራይስጡ ለከበዳችሁ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ። ማስጠንቀቂያ ባለበት ቦታ ብዙ የኢንሹራንስ ውሎች አይሠሩም። ለጎንደር ዘመድ ስትደውሉም አንድ ሰው ብቻ ጠይቃችሁ አትርኩ። ናፍቆት የያዘው ሰው «ምንም የለም፣ ይምጣ ብቻ» ይላል፤ ክፋት ኖሮበት ሳይሆን ልጁን ማየት ስለሚፈልግ ነው። እንደኔ አስተያየት ከጎንደር ደባርቅ ያለው መንገድ አስተማማኝ መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ዕቅዱ በወረቀት ላይ ይቆይ፣ ልምምዱ ይቀጥል፤ ትኬት የመጨረሻው ነገር ይሁን።

መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜስ ዋናው ጠላት ማን ነው? ገደልም አይደለም፣ አውሬም አይደለም፤ ከፍታው ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በባሕር ጠለል ላይ በአንድ ትንፋሽ ከምናገኘው ኦክስጅን በራስ ደጀን ጫፍ የምናገኘው ከግማሽ ትንሽ የሚበልጠውን ብቻ ነው። ሰውነት ይህን ሊለምደው ይችላል፤ የሚለምደው ግን በቀናት እንጂ በሰዓታት አይደለም። ከ2,500 ሜትር በላይ በጥድፊያ የወጣ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ምግብ ያስጠላዋል፣ እንቅልፍ ይነሣዋል። ይህ የከፍታ ሕመም የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ ባለበት ቦታ ካረፈ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይሻለዋል። ታሞ ሳለ ወደ ላይ ከቀጠለ ግን ሳንባው ውኃ ሊቋጥር ወይም አንጎሉ ሊያብጥ ይችላል። ቁጭ ብሎ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሳሉ አረፋ ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካመጣ፣ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተምታታበት፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ወደ ታች መውረድ አለበት። እስከ ነገ ይታይ የሚባልበት ጉዳይ አይደለም፤ ሰው በአንድ ሌሊት ይሞትበታል።

እዚህ ላይ አባቶች «እኛ የደጋ ሰዎች ነን፣ ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው» ትሉ ይሆናል። ነገሩ ሙሉ በሙሉ ሐሰት ስላልሆነ ጥቂት ልቆይበት። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በስሜን 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምረው ውጤቱን በ2002 አሳትመዋል። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች አየሩ ሲሳሳባቸው ኦክስጅን የሚሸከመው የደማቸው ክፍል ይበዛል፤ የስሜን ሰዎች ግን ደማቸው እንደ ቆላ ሰው ደም ሆኖ፣ የሚሸከመው ኦክስጅንም ያልጎደለ ሆኖ ተገኘ። ሳይንቲስቶቹን በጣም ያስገረመ ነገር ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ጥናት የተደረገው እዚያው ተወልደው እዚያው በሚኖሩ ሰዎች ላይ ነው። የዐፉላ መካከል ከባሕር ጠለል በላይ መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም። እዚህ ያደገ ልጅ ዘሩ የስሜን ቢሆንም ሳንባው የኤሜቅ ይዝረዔል ነው። ከዚህም በላይ ደጋ ተወልዶ ቆላ የከረመ ሰው ተመልሶ ሲወጣ ሳንባው ውኃ ሊቋጥር እንደሚችል ሐኪሞች በሌሎች አገሮች ተራሮች ላይ አይተዋል። ስለዚህ ዓምና ከጎንደር የመጣችሁ እናንተም ከልጃችሁ ጋር ለመሄድ ብታስቡ፣ ያው ደንብ ለእናንተም ይሠራል።

ደንቡም ይህ ነው፦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ በኋላ የነገው የመኝታ ቦታ ከዛሬው ከ500 ሜትር በላይ አይራቅ፤ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን ዕረፉ። ቀን ከፍ ብሎ ወጥቶ ማታ ዝቅ ብሎ መተኛት ይረዳል። ስሜን ለዚህ የተመቸ ነው። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ፣ ደባርቅ 2,850 ገደማ ላይ ናቸው። ከዚያ ሳንቃበር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620 ሜትር ገደማ ናቸው። ከጨነቅ በኋላ የቧሂትን ማለፊያ 4,200 ሜትር ላይ ተሻግሮ፣ እስከ መሸሃ ወንዝ ቁልቁል ተወርዶ፣ አምቢቆ በሚባለው መንደር 3,200 ሜትር ላይ ይታደራል። ከአምቢቆ በሌሊት ተነሥቶ ጫፉ ላይ ደርሶ መመለስ ነው፤ ወደ 1,300 ሜትር ሽቅብ፣ ያንኑ ያህል ቁልቁል፤ መጨረሻ ላይ እጅም ያስፈልጋል። እንግዲህ አደጋው የት እንዳለ ተመልከቱ። መኪና መንገዱ እስከ ጨነቅ ይደርሳል። ጊዜ የቸኮለበት ሰው ጠዋት ከጎንደር ተነሥቶ ማታ ጨነቅ ያድራል፤ በአንድ ቀን 1,500 ሜትር ወጣ ማለት ነው። አስጎብኚው ዋጋ ለመቀነስ ይህን ቢያቀርብላችሁ አትቀበሉ። በእግር ሄዶ መመለሱ ከደባርቅ ጀምሮ ስምንት፣ ዘጠኝ ቀን ይወስዳል፤ ገንዘብ ከጎደለ ጉዞው ለሌላ ዓመት ይተላለፍ እንጂ ቀኑ አይቀነስ።

ብቻውን መሄድስ? በፓርኩ ደንብ ጎብኚ ደባርቅ በሚገኘው ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ፣ የመግቢያ ከፍሎ፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት አስከትሎ ነው የሚገባው። መሪ፣ ምግብ አብሳይና የበቅሎ ነጂም እዚያው ይቀጠራሉ። አማርኛ መናገር እዚህ ላይ ትልቅ ሀብት ነው፤ ፈረንጅ ከስካውቱ ጋር በእጅ ምልክት ሲግባባ የእኛ ልጅ ግን ስለ ዝናቡም ስለ መንገዱም ጠይቆ ይረዳል። አማርኛው ከተዳከመበት ከመሄዱ በፊት እናንተ አስተምሩት። «ራሴን አመመኝ»፣ «ቀስ እንበል»፣ «ይህ ሰው ዛሬውኑ ይውረድ» ማለትን በደንብ ይልመድ።

ከመሪው ጋር ስትዋዋሉ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ። ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ «አንድ ሰው ቢታመም ማን ይዞት ይወርዳል?» የሚለው ነው። አሥር ወጣቶች በአንድ መሪ ብቻ ከሄዱ፣ አንዱ ሲታመም ወይ ሁሉም ይመለሳሉ፣ ወይ የታመመው ሕመሙን ከማይለይ ሰው ጋር ይወርዳል፣ ወይም፣ እጅግ የከፋው፣ እየጎተቱ ይዘውት ይወጣሉ። ስለዚህ ረዳት መሪና ምንም ያልተጫነች አንዲት ትርፍ በቅሎ በውሉ ይግቡ። ሄሊኮፕተር በአንድ ስልክ ይመጣል ብላችሁ አትቁጠሩ፤ ስልክም በብዙው ቦታ አይሠራም። ከአምቢቆ ሰው የሚያወርደው በቅሎና ሸክም ነው። በተጨማሪ የመመለሻ ሰዓት ከመነሣታቸው በፊት ይቆረጥ፤ ለምሳሌ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ካለፈ ጫፉ ሃምሳ ሜትር ቢቀረውም ይመለሱ።

የአየር ጠባይም ቀላል ነገር አይደለም። ጥቅምት 2014 በኔፓል፣ 5,416 ሜትር ላይ ባለው የቶሮንግ ማለፊያ አካባቢ ድንገተኛ የበረዶ ውሽንፍር ወርዶ ከ40 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ እስራኤላውያን ወጣቶችም ነበሩባቸው። የአየር ማስጠንቀቂያው ብዙዎቹ ጋ አልደረሰም፤ ሌሎችም በውሽንፍሩ መካከል ለመውረድ ሲሞክሩ መንገድ ጠፋባቸው። ኔፓል በ2023 የውጭ አገር ሰው ያለ መሪ እንዳይጓዝ ደንብ አውጥታለች፤ ታንዛንያም በኪሊማንጃሮ (5,895 ሜትር) ከ1991 ጀምሮ ያለ መሪ አታስገባም። በስሜን ጥሩው ወቅት ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው፤ በክረምት ጭጋጉና ጭቃው አያስኬድም። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ወፍራም የመኝታ ከረጢት፣ ጓንት፣ የሱፍ ቆብ፣ የግንባር ባትሪ ያስፈልጋል። የእናት ጋቢ ለካምፕ ግሩም ነው፤ ዝናብ ከነካው ግን ሸክም ነው።

እዚህ ዐፉላ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ከሁለት ሦስት ወር በፊት ጀምሩ። ኩፓት ሆሊም ሄዶ ለቤተሰብ ሐኪሙ ዕቅዱን በግልጽ ይንገር። የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ማነስ ችግር ያለበት፣ እርጉዝ የሆነችም ሴት ያለ ሐኪም ፈቃድ አትሂድ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው መድኃኒቱ በብርድ ከረጋ ስለሚበላሽ ሰውነቱ ላይ አስጠግቶ ይያዘው። የከፍታ ሕመምን የሚከላከል ዲያሞክስ የሚባል መድኃኒት አለ፤ ሐኪም ሳያዝዝ አይወሰድም። ክትባቱን በሚስራድ ሃብሪኡት የተጓዦች ክሊኒክ ከአንድ ወር በላይ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። የኩፓት ሆሊም አባልነት ውጭ አገር ለሚደርስ ሕመም ስለማይበቃ የጉዞ ኢንሹራንስ መግዛት ግዴታ ነው፤ ሲገዛም «ስንት ሜትር ድረስ ነው የሚሸፍነው? ማዳንና ማጓጓዝ አለበት ወይ?» ብሎ መልሱን በጽሑፍ ይቀበል። ዜግነቱን በቅርብ ያገኘ ሰው የጉዞ ሰነዱን ነገር አስቀድሞ ሚስራድ ሃፕኒም ይጨርስ።

ለእግር ልምምድ ጊቭዓት ሃሞሬ ደጃችን ላይ ነው፤ 515 ሜትር ገደማ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ሻንጣ አዝሎ መውጣት፣ በዕረፍት ቀን ታቦርን መውጣት ጥሩ ነው። ታቦርን ከግርጌው ጀምሮ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ የወጣና የወረደ ሰው የራስ ደጀንን የመጨረሻ ቀን ድካም ቀምሶታል ማለት ይቻላል። እግርን ያጠነክራል እንጂ ሳንባን ለከፍታ እንደማያለማምድ ግን አይርሳ። ለስንቅ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ከማንኛውም የታሸገ ምግብ ይበልጣሉ፤ ካሸር የሚጠብቁም አይቸገሩም። ቅዳሜ የሚውልበት ካምፕ ከወዲሁ ተቆጥሮ የዕረፍቱ ቀን በዚያ ቢሆን አንድ ቀን ለሁለት ነገር ይጠቅማል።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጆቻችን፣ በተለይ ጎላኒ ወይም ጻንሐኒም የነበሩት፣ ሕመም መደበቅን ተምረዋል። ከባድ መንገድ ጥርስ ነክሶ መጨረስ በወታደር ቤት ያስመሰግናል፤ 4,000 ሜትር ላይ ይገድላል። ጠንካራ ሰው በከፍታ አይታመምም የሚባለውም ትክክል አይደለም፤ እንዲያውም ጠንካራው ፈጥኖ ስለሚወጣ ቶሎ ሊታመም ይችላል። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት ባልና ሚስት አንድ ላይ ተቀምጣችሁ በአንድ ድምፅ «ጫፉን ሳታይ ብትመለስ በዚህ ቤት ማንም አይስቅብህም» በሉት። ይህን ቃል ከአባቱ አፍ መስማት አለበት፤ ከእናቱ ብቻ ከመጣ «ፈርታ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እያንዳንዱም ተጓዥ ጓደኛ ይመደብለት፤ ጠዋትና ማታ እርስ በርስ «ራስህን አመመህ? በላህ? ተኛህ?» ይባባሉ። የስካውቱን፣ የመሪውንና የጎንደር ዘመዱን ስልክ፣ የየቀኑን ማደሪያ ስምና የኢንሹራንሱን ቁጥር በአንድ ወረቀት ጽፎ ቤት ይተውላችሁ። ወረቀቱን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉት፤ ሁለተኛውን ቅጂ ዕብራይስጥ ለሚያነብ ጎረቤት ወይም ዘመድ ስጡ።